ብረት በእሳት አጠገብ ሲታዘዝ፦ በከፍተኛ ሙቀት ለሚሠሩ አንቀሳቃሽ ክፍሎች ቅይጥ ብረት እንዴት ይመረጣል?

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ባለሙያዎች በቃል ከቀረበ ገለጻ የተጻፈ)

የዛሬው ርእሳችን በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ የሚንቀሳቀሱ የማሽን ክፍሎች ከምን ዓይነት ቅይጥ ብረት መሠራት እንዳለባቸው ነው። ርእሱ ከደጋው ኑሯችን የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን መሠረታዊ ሐሳቡን የብረት ቀጥቃጮቻችን ከመጻሕፍት በፊት ያውቁት ነበር።

በቦረናና በሳይንት ገጠር ያደገ ሰው ቀጥቃጭ ማረሻ ሲያሰላ ሳያይ አይቀርም። ወናፉ ይነፋል፣ ፍሙ ይቀላል፣ ብረቱ በጉጠት ተይዞ ይወጣል። ጉጠቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አንዱ ጫፉ ከፍሙ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፉ በሰው እጅ ላይ ነው። መሐሉ ላይ ያለችው ካስማ ደግሞ ያለ መናከስ መዞር አለባት። አፉ ቢለሰልስ የያዘውን ይለቃል፤ ካስማዋ ብትጣበቅ ጉጠቱ አይከፈትም፤ እጀታው ቢግል ሠራተኛው ይጥለዋል። በኢንዱስትሪ ውስጥ አክቹዌተር የምንለው፣ በአማርኛ አንቀሳቃሽ ልንለው የምንችለው መሣሪያ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከአየር ግፊት፣ ከዘይት ግፊት ወይም ከኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል ተቀብሎ በዘንግ፣ በማንሻ ወይም በማርሽ አማካይነት ቫልቭን፣ በርን ወይም መዝጊያን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ጫፉ ከእሳቱ ጋር ነው፤ ሌላው ጫፉ ከትእዛዙ ጋር።

በአገራችን የት እናገኘዋለን?

በሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን፣ በሙገርም ሆነ በመሰቦ፣ በደርባም ሆነ በለሚ፣ በምድጃው ውስጥ ያለው ጥሬ ዕቃ ወደ ክሊንከር የሚለወጠው 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ከክሊንከር ማቀዝቀዣው ሙቅ አየር ወደ ቅድመ ማቃጠያው የሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ በር ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ባለ ሙቀትና በክሊንከር ብናኝ መካከል መዞር ይጠበቅበታል።

በስምጥ ሸለቆ የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ሲሆን የመጀመሪያ አቅሙ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ከመሬት በታች ያለው የእንፋሎት ማከማቻ ሙቀት ከ300 ዲግሪ ያልፋል። በአዲስ አበባ ረጲ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ አለ፤ በዚያ ክሎሪን ያዘለ ጭስ ከብረት ጋር ይጋፈጣል። በቦሌ የአየር መንገዳችን የጥገና ማዕከልም አለ። የጄት ሞተር አየር አማቂ ክንፎችን አቅጣጫ የሚለውጡት ትናንሽ ዘንጎችና ቀለበቶች የዚሁ ርእስ አካል ናቸው።

እነዚህ አራቱ ቦታዎች ሁሉም «ከፍተኛ ሙቀት» ይባላሉ። ሆኖም ለአንዱ የሚሆነው ቅይጥ ለሌላው አይሆንም። ምክንያቱን ለማየት ሙቀት በብረት ላይ የሚሠራቸውን አራት ነገሮች በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፣ ሙቀት የብረትን ሙያ ያስረሳዋል

ቀጥቃጩ ማጭድን በውኃ አጥልቆ ካጠነከረ በኋላ በልኩ ያሞቀዋል፤ እንዳይሰበር። ይህን ማጭድ ማንም ሰው መልሶ በፍም ውስጥ ቢጥለው ስለቱ ይጠፋል። ጥንካሬው የመጣው ከሙቀት ሕክምና ስለሆነ ከሕክምናው የበለጠ ሙቀት ይሰርዘዋል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው፦ በሙቀት ሕክምና የጠነከረ ብረት ካለፈበት የመጨረሻ ማሞቂያ ሙቀት በበቂ ልዩነት ዝቅ ብሎ መሥራት አለበት። ክሮም ሞሊብዲነም ያለባቸው የተለመዱ የግፊት ቡሎኖች ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ተመልሰው ይሞቃሉ፤ ስለዚህ በሥራ ላይ እስከ 450 ዲግሪ ገደማ ይታመናሉ።

መለስለስ ብቻም አይደለም። አንዳንድ ቅይጦች በሙቀት ውስጥ ሲቆዩ ይበልጥ ጠጣርና ተሰባሪ ይሆናሉ። ለቫልቭ ዘንግ እጅግ የሚወደደው 17-4 የሚባለው አይዝጌ ብረት ከ300 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከሠራ ቀስ በቀስ ተሰባሪ ይሆናል። በዓይን ሲያዩት ምንም አይለይም፤ አንድ ቀን ግን ድንገት ሲመታ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ብረትን በዝግታ ያስለጥጠዋል

በተለመደው የአየር ሙቀት ብረት ከተወሰነ ጫና በታች ከሆነ ለዘመናት ቅርጹን ይይዛል። በከፍተኛ ሙቀት ግን የማይሰብረው ትንሽ ጫናም ቢሆን ከጊዜ ብዛት ያስለጥጠዋል። ይህን ክሪፕ እንለዋለን። እንደ መነሻ መለኪያ፣ ክሪፕ ሊታሰብ የሚገባው የሥራው ሙቀት ከብረቱ የመቅለጫ ሙቀት 0.4 እጅ ሲደርስ ነው፤ ሁለቱም የሚለኩት በኬልቪን ነው። ብረት በ1538 ዲግሪ ወይም በ1811 ኬልቪን ይቀልጣል፤ 0.4 እጁ 724 ኬልቪን፣ ማለትም 450 ዲግሪ ገደማ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለእሱ ጭንቀቱ የሚጀምረው በ100 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአሉሚኒየም አካል ያለውን የአየር ፒስተን ከሙቅ ቧንቧ አጠገብ የሚያስር ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

የሙቀትና የዕድሜ ግንኙነት ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ በስሌት እንየው። ላርሰንና ሚለር በ1952 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ጫና ላይ፣ የኬልቪን ሙቀት በ«20 ሲደመር የሰዓቱ ሎጋሪዝም» ሲባዛ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጣል። አንድ የማንሻ ዘንግ በ550 ዲግሪ፣ ማለትም በ823 ኬልቪን፣ 100,000 ሰዓት እንዲያገለግል ተነድፏል እንበል። ቁጥሩ 823 በ25 ሲባዛ 20,575 ይሆናል። አሁን ሙቀቱ 20 ዲግሪ ብቻ ጨምሮ 843 ኬልቪን ቢሆን፣ 20,575 ለ843 ሲካፈል 24.41 ነው፤ 20 ሲቀነስለት 4.41 ይቀራል፤ ይህም 25,500 ሰዓት ገደማ ነው። 11 ዓመት ሊያገለግል የታሰበው ዘንግ ዕድሜው ወደ 3 ዓመት ወረደ። የሙቀት መለኪያው በ20 ዲግሪ ቢሳሳት ሰው «ትንሽ ልዩነት ነው» ሊል ይችላል፤ ለዘንጉ ግን ከዕድሜው ሦስት አራተኛ ነው።

የክሪፕ ወንድም መላላት ነው። ተጠብቆ የታሰረ ቡሎን ወይም ተጨምቆ የተቀመጠ ሞላ ርዝመቱ አይለወጥም፤ ነገር ግን በውስጡ የነበረው የመመለስ ኃይል ቀስ እያለ ይጠፋል። ይህ በአንቀሳቃሾች ላይ ከሁሉም የከፋው አደጋ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ሞላ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፣ አየሩና ጭሱ ብረቱን ይበሉታል

ተራ ብረት ከ500 ዲግሪ በላይ ሲቆይ የዝገት ቅርፊት እየላጠ ይሳሳል። መከላከያው ክሮሚየም ነው። በቂ ክሮሚየም ያለው ቅይጥ በላዩ ላይ ቀጭንና ጥብቅ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው 304 ሳይቋረጥ በአየር ውስጥ ቢግል ቅርፊት ሳይበዛበት እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል፤ 25 በመቶ ክሮሚየምና 20 በመቶ ኒኬል ያለው 310 ደግሞ እስከ 1100 ዲግሪ ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች ግን ቅርፊትን ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ጭነት ይሸከማሉ ማለት አይደለም። በተጨማሪም ምድጃው በየጊዜው የሚቆምና የሚነሣ ከሆነ ሽፋኑ እየተሰነጠቀ ስለሚረግፍ ወሰኑ ይቀንሳል። መብራት በተቋረጠ ቁጥር የሚቀዘቅዝ ምድጃ ያለ ማቋረጥ ከሚነድ ምድጃ ይልቅ በብረቱ ላይ ይከብዳል።

አራተኛ፣ ብረት ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ስለ ጥንካሬ ሲያስቡ ይህን ይረሳሉ። ተራ ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 13 ማይክሮሜትር ገደማ ይረዝማል፤ 316 አይዝጌ ብረት ግን 17.5 ገደማ። 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የ316 ዘንግ በተራ ብረት ቦኮላ ውስጥ ይዞራል፤ ሲቀዘቅዝ በመሐላቸው 0.08 ሚሊሜትር ክፍተት አለ እንበል። ሁለቱም ከ20 ወደ 420 ዲግሪ ቢሞቁ ዘንጉ በ0.35 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ የቦኮላው ቀዳዳ የሚሰፋው በ0.26 ነው። ልዩነቱ 0.09 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ አለቀ፤ ዘንጉ ተናክሶ ቆመ። ሁለቱም ብረቶች ጤነኞች ናቸው፤ አልተሰበሩም፣ አልዛጉም። ጥፋቱ ያለው በጋብቻቸው ላይ ነው። በቶርኖ ላይ የዘንግ ልክ የምታወጡ ባለሙያዎች፣ «ጠበቅ ብሎ የገባ ጥሩ ነው» የሚለው ልማድ በሙቅ ሥራ ላይ እንደማይሠራ እዚህ ላይ ታያላችሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው መጣበቅ ነው። አይዝጌ ብረት ከአይዝጌ ብረት ጋር፣ በተለይም 304ና 316 ከራሳቸው ወገን ጋር ሲፋተጉ በጫና እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በሙቀት ውስጥ ተራ ዘይትና ግሪስ ስለሚቃጠሉ አያድኑም። ስለዚህ ዘንጉና ቦኮላው ከተለያየ ቅይጥ ወይም ከተለያየ ጠጣርነት እንዲሆኑ ይደረጋል። የሚፋተገው ገጽ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስቴላይት ይለበጣል። ይህን የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ አሜሪካዊው ኤልዉድ ሄይንስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያወጣው ሲሆን ዛሬም ቀልቶ እያለ ጠጣርነቱን ከሚጠብቁ ጥቂት ብረቶች አንዱ ነው።

የቅይጦች መሰላል

እስከ 400 ዲግሪ ገደማ ተራ የካርቦን ብረት ለአብዛኛው ክፍል ይበቃል፤ ርካሽም ነው፣ በየትኛውም ወርክሾፕ ይሠራል። ከ425 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ግን በውስጡ ያለው ካርባይድ ወደ ግራፋይት እየተለወጠ ሊደክም ይችላል። ከዚያ በላይ እስከ 580 ዲግሪ አካባቢ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለባቸው ብረቶች ይተኩታል። 9 በመቶ ክሮሚየም ያለው የኃይል ማመንጫ ብረት እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ያገለግላል። የቅርፊት መቋቋምና የመካከለኛ ጥንካሬ ፍላጎት ሲኖር 316 እና መሰሎቹ ይመጣሉ። ኤ-286 የሚባለው በዕድሜ የሚጠነክር ቅይጥ ለቡሎንና ለዘንግ እስከ 700 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

ከዚህ በላይ የኒኬል ሱፐር አሎይ ዓለም ነው። የኒኬል መቅለጫ 1455 ዲግሪ ሲሆን ከብረት ያነሰ ነው፤ በ0.4 ሕግ ብቻ ብንሄድ ኒኬል ከብረት ይልቅ ቀድሞ መድከም ነበረበት። የሚያድነው ውስጣዊ አሠራሩ ነው። በውስጡ የተዘሩት ደቃቅ የኒኬልና የአሉሚኒየም ወይም የኒዮቢየም ቅንጣቶች በብረቱ ውስጥ የሚደረገውን መንሸራተት እየገቱ ጥንካሬውን ያቆዩለታል። ኢንኮኔል 718 በዚህ መንገድ እስከ 650 ዲግሪ ድረስ ከፍተኛ ጥንካሬ ይይዛል፤ በጄት ሞተሮች ውስጥ እጅግ የተስፋፋውም ስለዚህ ነው። ሆኖም ወሰን አለው፤ ከ650 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ቅንጣቶቹ ቅርጻቸውን ስለሚለውጡ ውድነቱ ብቻውን አያድነውም።

በሲሚንቶ ምድጃ አጠገብ በ900 ዲግሪ የሚዞረው በር ደግሞ ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል። እዚያ ወፍራምና ቀርፋፋ፣ በትንሽ ጫና የሚሠራ፣ ከ25 በመቶ ክሮሚየም ቅይጥ የተቀለጠ ወይም በሙቀት መከላከያ ሸክላ የተለበጠ በር ይመረጣል። በዚያ ሙቀት የሚታመነው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ጫናውን ማሳነስ ራሱ የንድፉ አካል ነው።

አሉቶ የሚያስተምረን

የአሉቶ ጉድጓድ ጥልቀት ላይ ከ300 ዲግሪ በላይ ቢሆንም፣ በ10 ባር ግፊት ያለ የረጋ እንፋሎት 180 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ሙቀት ተራ ብረትም ክሪፕ አያሰጋውም። ፈተናው ከሙቀቱ ሳይሆን ከእንፋሎቱ ጋር ከሚመጣው ነው። የጂኦተርማል ፈሳሽ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ክሎራይድ ይይዛል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጠጣር ብረትን ያሰነጥቃል፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የብዙ ብረቶች ጠጣርነት በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ22 እንዳያልፍ ይደረጋል። ነሐስና መዳብም በሰልፋይድ ይበላሉ። ክሎራይድ ደግሞ 304ና 316 ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ በጫና ሊያሰነጥቃቸው ይችላል።

አስገራሚው ነገር የሰልፋይድ ስንጥቅ በጣም የሚበረታው ማሽኑ ሲግል ሳይሆን ሲቀዘቅዝ፣ ለጥገና ሲቆም መሆኑ ነው። «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ ጠጣር ዘንግ የሚመርጥ መሐንዲስ በዚህ ቦታ ከሁሉም የከፋውን ይመርጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዲግሪ?» ብቻ ሊሆን አይችልም፤ «በምን ውስጥ፣ ለስንት ጊዜ፣ ሲቆምስ?» የሚሉት እኩል ይመዝናሉ።

ሞላው፣ የመጨረሻው ታማኝ

ብዙ የአደጋ መከላከያ ቫልቮች የሚሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው፦ የአየር ግፊት ቫልቩን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፤ ኃይል ሲጠፋ ሞላው በራሱ ይዘጋዋል። መብራት ድንገት በሚቋረጥባቸው ፋብሪካዎች ሞላው የሰዎች ሕይወት ዋስትና ነው። አሁን ሞላው በሙቀት ላልቷል እንበል። ማሽኑ በሰላም ሲሠራ ማንም አያውቅም፤ አየሩ ቫልቩን ስለያዘው ሁሉ ነገር ትክክል ይመስላል። የሞላው ድካም የሚታወቀው በሚያስፈልግበት በዚያ አንድ ቀን ነው።

የተራ ሞላ ሽቦ ወሰን ከ120 ዲግሪ አይበልጥም። 302 አይዝጌ ሽቦ እስከ 280 ዲግሪ ገደማ፣ ኢንኮኔል ኤክስ-750 እስከ 550 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ምክሮች አሉኝ። አንደኛ፣ የሞላው ቤት የራሱ ሙቀት ይለካ እንጂ ከቧንቧው ሙቀት አይገመት። ሁለተኛ፣ በየጊዜው አየሩ ተቋርጦ ሞላው ብቻውን ቫልቩን በምን ያህል ጊዜ እንደሚዘጋ ይመዝገብ። ይህ ፈተና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሰዓትና መዝገብ ይበቃዋል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ሞላውን፣ የአየር ፒስተኑንና ጎማ ማተሚያውን ከሙቀቱ ማራቅ ነው። በዘንጉና በአንቀሳቃሹ መካከል ረጅም ማያያዣና የማቀዝቀዣ ክንፎች ከገቡ፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ተራ ብረት ይበቃል። እዚህ ላይ ለደጋ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በመካነ ሰላም ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሳስቶ የሚነፍስ አየር ክንፎቹን በደንብ አያቀዘቅዝም። የደጋው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ጥቂት ይካሳል እንጂ፣ በባሕር ዳርቻ የተነደፈ ማቀዝቀዣ በእኛ አገር እንደ ማኑዋሉ ይሠራል ብሎ መተማመን አይገባም።

በወርክሾፕ ውስጥ የሚደረግ ውሳኔ

የውጭ ምንዛሪ እጥረት ባለበት አገር መለዋወጫ በአገር ውስጥ መሥራት ግዴታም ክብርም ነው። አደጋው ግን ልኩ የተጠበቀ፣ ብረቱ የተለየ ክፍል ሲሠራ ነው። ዘንጉ ያበራል፣ በልኩ ይገባል፤ ከምን እንደተሠራ ግን ማንም አልመዘገበም። ማግኔት ጥቂት ይረዳል፦ 304ና 316 በአብዛኛው አይሳቡም፣ 410 ይሳባል። ነገር ግን ማግኔት 304ን ከ310 ወይም ከኢንኮኔል አይለይም፤ በቅዝቃዜ የተቀጠቀጠ 304ም ጥቂት ሊሳብ ይችላል። የብረቱን ይዘት በጨረር የሚለይ መሣሪያ ያላቸው ተቋማት ከወርክሾፖች ጋር እንዲሠሩ ማድረግ፣ ከአንድ አዲስ ማሽን ግዢ በላይ ሊጠቅም ይችላል።

ስለዚህ ቅይጥ ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አስፍሩ፦ ክፍሉ ራሱ የሚደርስበት ሙቀት፣ በዚያ ሙቀት የሚቆይበት ጠቅላላ ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ፣ የሚነካው ጋዝ ወይም ፈሳሽ፣ ከየትኛው ብረት ጋር እንደሚፋተግ፣ እንዲሁም ቢበላሽ ማን እንደሚጎዳ። የመጨረሻው መልስ «ሰው» ከሆነ ርካሹን ቅይጥ ለሌላ ቦታ ተዉት።

ከተሳታፊዎች የቀረበ ጥያቄ

ተማሪ፦ «የተከበሩ መምህር፣ ለምን ሁሉንም ክፍል ከኢንኮኔል ሠርተን አንገላገልም?»

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ዋጋውን እንኳ ብንተወው ሦስት ችግር ይቀራል። የኒኬል ቅይጦች በቶርኖ ላይ አስቸጋሪ ናቸው፤ ሲቆረጡ እየጠነከሩ መሣሪያ ይበላሉ። እርስ በርሳቸውም ሲፋተጉ ይናከሳሉ፤ ስለዚህ ዘንጉም ቦኮላውም ኢንኮኔል ቢሆን ተጣብቀው ሊቆሙ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ መስፋታቸው ከጎረቤታቸው ተራ ብረት ጋር ሊለያይ ስለሚችል ክፍተቱ እንደገና መሰላት አለበት። የቀጥቃጩን ጉጠት አስታውስ፤ ሙሉውን ከምርጥ ብረት መሥራት አላስፈለገውም። አፉን ለእሳቱ፣ ካስማዋን ለመዞር፣ እጀታውን ለሰው እጅ እንዲስማማ አድርጎ ሠራው። የእኛም ሥራ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚገባውን መስጠት ነው።